የባሕር ዛጎል በደጋ አገር

በደጋው አገራችን እናት ልጇን ያዘለችበትን አንቀልባ የተመለከተ ሰው፥ በቆዳው ላይ የተሰፋውን ነጭ ዛጎል ያውቀዋል። ይህ ዛጎል ከባሕር ዳር ተለቅሞ፥ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ፥ በነጋዴ እጅ የመጣ ነው። ነገር ግን ነጋዴ ያላመጣው፥ በዓለት ውስጥ የተቀበረ ሌላ የባሕር ዛጎል በአገራችን አለ። የዚህን አመጣጥ መመርመር ይገባናል።

ይህን ዛጎል በደብረ ታቦር ድንጋይ ውስጥ የሚሻ ሰው በከንቱ ይደክማል። የጉና ተራራና በዙሪያው ያለው ደጋ፥ ከምድር ውስጥ ቀልጦ በወጣ ጥቁር ድንጋይ የተከደነ ነውና። ዓባይ ግን በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ይህን ክዳን ሰንጥቆ የምድርን ሆድ ገልጦታል። ከላይ ጥቁሩ ድንጋይ፥ ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይ፥ ቀጥሎ የኖራ ድንጋይ፥ ከእርሱም በታች ጀሶ ተነባብሮ ይታያል። ዛጎሉ የሚገኘው በኖራው ድንጋይ ውስጥ ነው።

የዚህም ድንጋይ ስም ከደብረ ታቦር ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፥ በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሄዱ። በእርሳቸው ዘንድ የታሰሩትን አውሮፓውያን ለማስፈታት ከዙላ የተነሣው የእንግሊዝ ጦር በትግራይ ሲያልፍ፥ ዊልያም ብላንፎርድ የተባለ የድንጋይ መርማሪ አብሮ ነበረ። እርሱም ዛጎል የሞላበትን የኖራ ድንጋይ አይቶ፥ በሕንጣሎ ከተማ ስም «የአንታሎ ኖራ ድንጋይ» አለው። በዓባይ ሸለቆ ያለውም ዛሬ በዚሁ ስም ይጠራል።

ምናልባት አንባቢ፥ «ይህስ በኖኅ ዘመን የመጣው የጥፋት ውሃ የተወው ነው» ይል ይሆናል። ነገር ግን የጥፋት ውሃ እንደ ኦሪት ቃል በአንድ ዓመት ገደማ የተፈጸመ ነው። የኖራው ድንጋይ ግን በብዙ መቶ ሜትር የሚቆጠር ውፍረት አለው፤ ይህም ጥቂት በጥቂት የተከማቸ ዝቃጭ ነው። ጀሶውም የሚገኘው የባሕር ውሃ በፀሐይ ሲተንን እንጂ ጎርፍ ሲሞላ አይደለም።

እንግዲህ ሊቃውንት የደረሱበት ይህ ነው። ከ160 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ባሕር ከደቡብ ምሥራቅ ገብቶ ይህን ምድር ሸፈነ፤ በውስጡ የኖሩት እንስሳት ሲሞቱ ቅርፊታቸው በጭቃው ተቀብሮ ከጭቃው ጋር ድንጋይ ሆነ። ባሕሩም ሸሸ። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የቀለጠው ድንጋይ ፈስሶ በላዩ ተነጠፈ፤ ምድሪቱም ከፍ ከፍ አለች። ስለዚህ ባሕሩ ተራራውን አልወጣም፤ የባሕሩ ወለል ራሱ ደጋ ሆነ እንጂ።

የታችኛው ንብር ከላይኛው እንደሚቀድም እ.ኤ.አ. በ1669 ጽፎ ያስተማረው ኒኮላስ ስቴኖ የተባለ የዴንማርክ ሐኪም ነበረ። እርሱም በ1677 የካቶሊክ ጳጳስ ሆኖ ተሾመ። ድንጋይን መመርመሩ ከመቅደስ አላራቀውም።

ተማሪ ዛጎል ያለበትን ድንጋይ ይዞ ወደ መምህሩ ቢመጣ፥ መምህሩ በችኮላ አይመልስለት። እምነት ባልጸና ማስረጃ ላይ የተመሠረተ እንደ ሆነ፥ ማስረጃው በወደቀ ቀን ልጁም አብሮ ይሰናከላል። ይልቅስ ወደ ዓባይ ገደል ወስዶ ንብሩን ከታች ወደ ላይ ያስቈጥረው። ያን ጊዜ ልጁ የምድርን ዕድሜ ርዝመት ያያል፤ የፈጣሪውም ትዕግሥት ምን ያህል እንደ ሆነ ያስተውላል።