ጋፋት፦ የቡድን ንድፍ ሥራ

ጋፋት ከደብረ ታቦር አጠገብ የሚገኝ፣ በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን የመሣሪያ መሥሪያ የነበረ ሰፈር ነው። በዚያም ንድፍ በቡድን ይሠራ ነበር።

ዋነኞቹ ሠራተኞች ከስዊዘርላንድ ከቅዱስ ክሪሾና ሚሲዮን የመጡ የእጅ ሙያተኞች ነበሩ፤ ዋልድማየር፣ ማየር፣ ቤንደርና ዛልሙለር ይጠቀሳሉ። ፖላንዳዊው ሞሪትስ ሆልና ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎም አብረው ሠርተዋል። ሚሲዮናውያኑ ለወንጌል የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ ንጉሡ ግን መድፍ አዘዟቸው። ማዕድን አቅልጦ መድፍ የማፍሰስ ልምድ ስለሌላቸው የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ከዚያ ምድጃውን፣ የአፈር ቅርጹን፣ የነሐሱን ቅልቅል እየተካፈሉ ደጋገሙ። የአገሩ ወጣቶችም አጠገባቸው ሆነው ሙያውን ተማሩ።

የዚህ ሥራ ፍጻሜ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ነው። መድፉ ከተሠራ በኋላ ሌላ ንድፍ ጠየቀ፤ ሠረገላና መንገድ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ገደል እየተናደለት መቅደላ ተራራ ለመድረስ ከአምስት ወር በላይ ፈጀ። እስካሁን እዚያው ተራራ ላይ ይገኛል፤ አምሳያው በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል።

የዛሬ የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች ለንድፍ ውድድር ሲዘጋጁ ሥራውን የሚከፋፈሉት የጋፋት ሰዎች በሠሩበት መንገድ ነው፤ አንዱ ቦታውን ያጠናል፣ ሌላው መዋቅሩን ያሰላል፣ ሌላው ሞዴል ይሠራል። የሥነ ሕንፃ መደበኛ ትምህርት ግን ከጋፋት ብዙ ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 በተቋቋመው የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሥር ሰደደ። ከዛሬው ውድድር በተለየ ግን በጋፋት ዳኛው አንድ ሰው፣ ንጉሡ ነበሩ፤ ሁለተኛ ደረጃም አልነበረም።