ሚጡ ወጥታለች!

ጠጋ በሉና የሚጡን ነገር ላጫውታችሁ። ሚጡ የቤታችን ጥንቸል ናት፤ መልኳ ቡላ፣ የአንድ ጆሮዋ ጫፍ ጥቁር። የእህቴ ልጅ በጫማ ካርቶን ይዟት ሽሮ ሜዳ የመጣ ዕለት መዳፍ የማትሞላ ነበረች። ብዙ ሳትቆይ ግን የግቢው ሰው ሁሉ ስሟን አወቀ። «ሚጡ ወጥታለች!» የሚለው ጩኸት በእኛ ሰፈር «ውሃ መጣ!» እንደሚለው ነው፤ ሰው የያዘውን ጥሎ ይሮጣል።

ቤቷን የሠራላት አናጢ ነው፤ ዙሪያው ሽቦ፣ በሩ በመቀርቀሪያ የሚዘጋ። «እንዴት ነው የምትወጣው?» ስንባባል ከረምንና አንድ ምሽት በመስኮት ሆኜ ጠበቅኋት። የበሩን የታችኛውን ሽቦ በፊት ጥርሶቿ ነከሰች። ወደ ላይ ነቀነቀችው። ለቀቀችውና ጆሮዋን ወደ ኋላ አዙራ አዳመጠች። ደግማ ነከሰች። መቀርቀሪያው በነቀነቀችው ቁጥር ጥቂት ጥቂት እያለ ይንሸራተታል። በመጨረሻ ቀጭ ብሎ ሲለቅ አልሮጠችም፤ በሩን በአፍንጫዋ ገፋ አድርጋ ግራ ቀኙን ቃኘች። ከዚያ በኋላማ ማን ይያዛት! በማግሥቱ በሲባጎ አሰርነው፤ በላችው። በሽቦ ጠመዘዝነው፤ ወለሉን ቦርቡራ ወጣች።

ይህን ጥጋብ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልልም። የጥንቸል ጥርስ ዕድሜ ልኩን ያድጋል፤ በዓመት ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ። ሣርና ድርቆሽ እያኘከች ካልሞረደችው ይረዝምና መብላት ይከለክላታል። ቁፋሮውም ከዘር የወረሰችው ነው። በደጋው ሜዳችን ስትፈተለክ የምናያት የዱር ጥንቸል ጉድጓድ አትቆፍርም፤ ቁጥቋጦ ሥር ተጋድማ ትውላለች። የሚጡ ወገኖች ግን ሌሎች ናቸው። ቅድመ አያቶቻቸው በስፔንና በፖርቱጋል ምድር ውስጥ ለውስጥ እየቦረቦሩ በኅብረት የሚኖሩ ነበሩ። እንዲህ ያለች እንስሳ ቀኑን ሙሉ ሽቦ ውስጥ ተቀምጣ መዋል እንዴት ትችላለች?

የትንሣኤ ዕለት ነው። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ቡናው ተቆልቷል፣ ጎረቤታችን እማማ መጥተው ከበሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። እማማ ስለ ሚጡ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አላቸው፤ «ልጄ፣ ኦሪት የከለከለውን፣ የማይበላ እንስሳ ቀልቦ ምን ይገኛል?» ይህን ብለው ሳይጨርሱ ሚጡ ከጓዳ በኩል ዱብ! ቄጠማውን ስታይ ወደ ላይ ዘለለች፤ አየር ላይ እንዳለች ወገቧን ወዲያ፣ ራሷን ወዲህ አዙራ አረፈች። ጥንቸል ደስ ሲላት እንዲህ ናት። ከጉዝጓዙ ቀነጫጨበችና ወደ ረከቦቱ ሄዳ አገጯን እግሩ ላይ አሻሸች።

«ውይ፣ ረከቦቱን ሳመችው!» አሉ እማማ።

«እማማ፣ አገጯ ሥር ጠረን የሚያወጣ ዕጢ አላት። ‹የእኔ ነው› ማለቷ ነው» አልኳቸው።

ዝም ብለው አዩዋትና ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ለቀቁላት። ጎመን በቀነጠሱ ቁጥር ቅጠል የሚልኩላት ከዚያን ቀን ወዲህ ነው።

የእህቴ ልጅ ግን ሊይዛት ተነሣና እጁን ወደ ጆሮዋ ሰደደ። በዚህ እኔ ቁጡ ነኝ። ጥንቸል በጆሮዋ አትነሣም! የኋላ እግሮቿ ጡንቻ ብርቱ ነው፤ የጀርባ አጥንቷ ግን ስስ። ተንጠልጥላ ስትራገጥ ወገቧን ልትሰብረው ትችላለች። አንዱ እጅ ደረቷ ሥር፣ ሌላው ቂጧ ሥር ገብቶ፣ ከሰውነት ጋር ተጠግታ ነው የምትያዘው።

የሚያስፈራኝ መብራት ነው። የቻርጀር ገመድ ለሁለት ቆርጣብናለች፤ ያን ጊዜ ሶኬት ላይ አልነበረም፣ ተመስገን። አሁን የፍሪጁም የቴሌቪዥኑም ገመድ በአሮጌ የውሃ ጎማ ውስጥ ገብቷል። ጥንቸል የምትነቃው ንጋትና አመሻሽ ላይ ስለሆነ በሁለቱም ሰዓት በሯን ከፍተን እንለቃታለን፤ የምትቆፍረውም አፈር በሰፊ ሣጥን አለላት። ሮጣ ስትጠግብ ራሷ ገብታ ትተኛለች። ሌሊት ግን እንዘጋባታለን። ሸለመጥማጥ አለ። አንድ ሌሊት ወለሉን በኋላ እግሯ እየደለቀች ቤቱን ሁሉ የቀሰቀሰችው እሱ ሽቦው ላይ ወጥቶ ነው።

ለልጆቻችሁ ጥንቸል ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ በደንብ ከተያዘች ከ8 እስከ 12 ዓመት አብራችሁ ትኖራለች። በየቀኑ የምትሮጥበት ቦታ ከሌላችሁ አትግዙ። ካላችሁ ድርቆሽ ከፊቷ አይጥፋ፣ ካሮት አታብዙባት፤ ስኳሩ ሆዷን ይጎዳዋል። ምግብ አልነካም ብላ ግማሽ ቀን ከዋለች ደግሞ እስኪነጋ አትጠብቁ። የጥንቸል አንጀት ሥራውን ካቆመ ልትሞት ትችላለችና ዛሬውኑ ለእንስሳት ሐኪም አሳዩአት።