ከምሳና ቅጠል እስከ ስቴሮይድ ቅባት፦ የቆዳ ሕመም ሕክምና በቤተ ልሔም አገር

በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የትምህርት ታሪክ የድጓ፣ ማለትም በቅዱስ ያሬድ ስም የሚታወቀው የዓመቱ በዓላት የዜማ መጽሐፍ፣ ማስመስከሪያ ሆና የኖረች ደብር ናት። ዝማሬና መዋሥዕት የሚመሰከርበት ዙር አምባም በዚያው በጋይንት በመሆኑ አገሩ ከየአቅጣጫው ለሚመጣ ተማሪ መሰባሰቢያ ነበረ። ይህ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከየደጁ በለመነው ቁራሽ እየኖረ፣ በጠባብ ጎጆ ከጓደኞቹ ጋር ተጠጋግቶ ያድር ስለ ነበር፣ እከክ የቆሎ ተማሪነት የማይቀር ዕጣ እስኪመስል ድረስ ከኑሮው ጋር ተቆራኝቶ ቆየ። የሊቃውንቱን ስምና የትምህርቱን ሐረግ ጠንቅቆ የያዘው ትውፊት ስለዚህ ሥቃይ የሚለው ጥቂት ነው፤ የድጓ ትምህርት ግን ብዙ ዓመት የሚፈጅ ስለሆነ፣ ሌሊቱን ሲያክ ያደረ ተማሪ ቀኑን እንዴት አድርጎ ቀለም እንደሚይዝ መገመት አያዳግትም።

የአገሩ መድኃኒት ዐዋቂ፣ ደብተራም ሆነ ሌላ፣ ሕክምናውን የሚጀምረው ሕመሙን በስሙ በመለየት ነበር። በዓይን የማይታይ ነፍሳት ቆዳን ሰርስሮ ሲገባ የሚፈጠረውና ከሰው ወደ ሰው የሚጋባው እከክ ነው፤ በፈንገስ የሚመጣውና ክብ እየሠራ የሚሰፋው ጭርት ነው፤ ከሰው የማይጋባው፣ ቆዳን የሚያደርቀው ወይም የሚያዠው ደግሞ ችፌ ነው። ለጭርት ምሳና (በሌላው አገር ብሳና የሚባለው) ይቀባ፣ በእንዶድ ገላና ልብስ ይታጠብ፣ ከዚህም ጋር ጠበል ይጠመቅ ነበር። ከአገሩ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ፣ በተለይም እንደ ቁልቋል ያለው የሚያቃጥል ወተት፣ ከሕመሙ የባሰ ቁስል የሚያመጡ በመሆናቸው የቀድሞውን ሕክምና ያለ ልክ ማወደስ አይገባም።

ዘመናዊው ሕክምና ወደ ጋይንትና ወደ ጎረቤቶቹ ስማዳና እስቴ ገጠር የዘለቀው ዘግይቶ ነው። በደንቢያ ብዙ ሕዝብ ከፈጀው የወባ ወረርሽኝ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን እያሠለጠነ ወደ ጤና ጣቢያዎች መላክ ጀመረ። በ1958 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመው አለርት ደግሞ ውሎ አድሮ የአገሪቱ ዋና የቆዳ ሕክምና ማዕከል ሆነ፤ የቆዳ ሐኪሙ ግን ከትልልቅ ከተሞች እምብዛም ስላልራቀ፣ ለገበሬውም ለተማሪውም ቅርቡ የመድኃኒት ሻጩ መስኮት ነበር።

በዚያ መስኮት በኩል በኋላ የመጣው አዲስ ነገር ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ነው። ስቴሮይድ ከኩላሊት በላይ ያለው ዕጢ የሚያመነጨውን ሆርሞን አስመስሎ የሚሠራ፣ የሰውነትን የመቆጣት ኃይል የሚያበርድ መድኃኒት ሲሆን፣ ኬንዳል፣ ሄንችና ራይክሽታይን የተባሉ ተመራማሪዎች በዚህ መስክ ባደረጉት ምርምር በ1950 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። በ1952 እ.ኤ.አ. ሰልዝበርገርና ዊትን የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ሃይድሮኮርቲዞን የተባለው ስቴሮይድ በቆዳ ላይ ሲቀባ እንደሚሠራ አሳዩ፤ በተከታዮቹ ሁለት ዐሥርት ዓመታትም ከእርሱ በብዙ እጥፍ የሚበረቱት ቤታሜታዞንና ክሎቤታሶል ተከተሉ። ለችፌ ከዚህ የተሻለ መድኃኒት እስከዚያ ድረስ አልተገኘም ነበር ማለት ይቻላል። ችግሩ ቅባቱ የማናቸውንም ሽፍታ ማሳከክና መቅላት ለጊዜው ስለሚያበርድ፣ ዐዋቂው አስቀድሞ ይጠይቀው የነበረውን ጥያቄ፣ ሕመሙ የትኛው ነው የሚለውን፣ ማስቀረቱ ነው። ጭርት ላይ ሲቀባ መቅላቱ ይጠፋል፤ ፈንገሱ ግን ተደብቆ ይሰፋል፤ በብሪታንያ ሁለት ሐኪሞች ይህን መልኩን የቀየረ ጭርት በ1968 እ.ኤ.አ. ስም ሰጥተው ገልጸውታል። እከክም እንዲሁ ይሸፈናል፤ ነፍሳቱ ይራባል፤ ለጎጆ ጓደኞችም ይተርፋል።

ብርቱው ዓይነት ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ቆዳን ያሳሳል፣ ሸንተረር ያወጣል፣ መልክን ያነጣል፤ ይህ የመጨረሻው ጉዳት በከተማ ፊት ለማቅላት ተብሎ መፈለጉ ግራ የሚያጋባ ነው። ስለዚህ ለፊት፣ ለብብት፣ ለብሽሽትና ለሕፃናት ደካማው ዓይነት ይመረጣል፤ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ በስሱ፣ ሐኪሙ ለወሰነው አጭር ጊዜ ይቀባል። ልኩን ለማሳወቅም ከአዋቂ ሰው ጠቋሚ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ የሚደርሰው ቅባት፣ ክብደቱ ግማሽ ግራም ገደማ ሆኖ፣ ሁለት መዳፍ የሚያክል ቆዳ እንደሚበቃው የብሪታንያ ሐኪሞች በ1991 እ.ኤ.አ. አስልተዋል።

እከክ ግን የቀድሞው ተማሪ ዕጣ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ በ2008 ዓ.ም. በድርቅ በተጎዱ የአማራ ክልል ወረዳዎች እከክ እንደ ወረርሽኝ ሲነሣ፣ ከተመረመረው ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ውስጥ 379 ሺህ ያህሉ ተይዞ ተገኘ። የዚህ ሕመም መድኃኒት የድኝ ቅባት፣ ፐርሜትሪን ወይም በአፍ የሚወሰደው አይቨርሜክቲን እንጂ ስቴሮይድ አይደለም፤ በአንድ ጎጆ የሚያድሩት ሁሉ፣ የሚያሳክካቸውም የማያሳክካቸውም፣ በአንድ ቀን መታከምና ልብሳቸውን በፈላ ውኃ አጥበው ፀሐይ ላይ ማስጣት ይኖርባቸዋል። ነፍሳቱ ከሞተ በኋላም ማሳከኩ ለሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ሊቆይ ስለሚችል፣ ሐኪም ደካማ የስቴሮይድ ቅባት ሊያዝዝ የሚችለው በዚህ ጊዜ ነው።