ለዘፋኞች የተጻፉ ደብዳቤዎች

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፤ የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ዘፋኞች ነው ስንል ሬዲዮኑን ለመዝጋት እጁን የሚዘረጋ አይጠፋም። "የዘፋኝ ወሬ ለኛ ምናችን ነው?" የሚልም ይኖራል። ዑለማዎቻችን ስለ ሙዚቃ የሚሉት ራሱን የቻለ ርዕስ ነውና ዛሬ አንገባበትም። የምናወራው ስለ ዘፈኑ ሳይሆን "እባካችሁ እስራኤል ሄዳችሁ አትዝፈኑ" ተብለው ስለተለመኑ ሰዎችና ልመናውን ስላቀረቡት ፍልስጤማውያን ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ያዙልን።

የነገሩ ሥር ያለው ደቡብ አፍሪካ ነው። የአፓርታይድ መንግሥት ሥልጣን ከያዘ ስድስት ዓመት ሲሆነው፣ በ1954፣ ጆሃንስበርግ ውስጥ ከጥቁሮች ጋር ይኖር የነበረ ትሬቨር ሃድልስተን የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ የውጭ አርቲስቶች ወደዚያ አገር እንዳይመጡ ጠየቀ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ጥቁር ከነጭ ጎን መቀመጥ በማይችልበት አዳራሽ መጥቶ የሚዘፍን ሰው፣ አፉን ሳይከፍት አዳራሹን "ደህና ነው" እያለ ነው። በ1961 የእንግሊዝ ሙዚቀኞች ማኅበር አባላቱ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ እንዳይጫወቱ ወሰነ። በ1964 ደስቲ ስፕሪንግፊልድ የምትባል እንግሊዛዊት ዘፋኝ "ጥቁርና ነጭ አብሮ ካልተቀመጠ አልዘፍንም" ብላ ሄደች፤ እንዳለችውም ለተቀላቀለ ሕዝብ ስትዘፍን መንግሥት ከአገር አስወጣት።

ይህ ታሪክ ለኛም የሩቅ ወሬ አይደለም። በ1957 ኻርቱም ላይ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሲዘጋጅ አራቱ መሥራቾች ግብጽ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ አደባልቃ አልልክም በማለቷ ከውድድሩ ወጣች፤ ከእሷ ጋር ልትጋጠም የነበረችው ኢትዮጵያም ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች። (ፍጻሜውን ግብጽ 4 ለ 0 ማሸነፏን ለኳስ ወዳዶቻችን ሳንናገር አናልፍም።) በ1960 ደግሞ ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን ዛሬ ናሚቢያ በምትባለው አገር በምትፈጽመው ግፍ ሄግ ባለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሷት። ክርክሩ ስድስት ዓመት ፈጀ። በ1966 ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ተከፈሉና በፕሬዚዳንቱ ተጨማሪ ድምፅ "ከሳሾቹ ይህን ለመጠየቅ የሚያበቃ ሕጋዊ መብት የላቸውም" ተብሎ ፋይሉ ተዘጋ። ይህን ውሳኔ ልብ በሉልን፤ ወደዚያው ፍርድ ቤት እንመለሳለን።

በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ ሲመሠረት በመሪዎቹ ፊት የዘፈነችው ደቡብ አፍሪካዊቷ ሚሪያም ማኬባ ነበረች። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ እናቷ ሞታ ለቀብር ልትመለስ ስትል ፓስፖርቷ መሰረዙን የሰማች ሴት ናት። በዚያው በ1963 የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ ፊት ቀርባ የአገሯን ግፍ ተናገረች፤ ዘፈኗም በአገሯ ታገደ። አገሯን ዳግም የረገጠችው በ1990 ነው።

በ1980 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የባህል ቦይኮቱን በውሳኔ ደገፈ፤ ከ1983 ጀምሮም እዚያ ሄደው የዘፈኑ ሰዎች ስም ዝርዝር ይታተም ጀመር። የስም ዝርዝሩ ብዙዎችን አሳፍሯል። በጊዜው ትልቁ ወጥመድ ሳን ሲቲ የሚባለው የመዝናኛ ሆቴል ነበር። የተሠራው የደቡብ አፍሪካ መንግሥት "ነጻ አገር" ብሎ በሰየመው፣ ሌላው ዓለም ግን ባልተቀበለው የጥቁሮች ክልል ውስጥ ሲሆን፣ ለዘፋኞች የሚከፍለው ገንዘብም እጅግ ብዙ ነበር። በ1985 ቦብ ዲላንና ማይልስ ዴቪስን ጨምሮ በርካታ ሙዚቀኞች ተሰባስበው "እዚያ አንጫወትም" የሚል መዝሙር አወጡ።

ቦይኮቱ ግን ንጹሕ መንገድ ብቻ አልነበረም። አሜሪካዊው ፖል ሳይመን በ1985 ጆሃንስበርግ ሄዶ ከጥቁር ሙዚቀኞች ጋር አልበም ቀረጸ። ሙዚቀኞቹን በደንብ ከፍሏል፤ ስማቸውም በዓለም ታውቋል። ነገር ግን ትግሉን የሚመሩትን አላማከረም። ገሚሱ ከሐዲ አለው፤ ማኬባ ራሷ ደግሞ አብራው ዞራ ዘፈነች። እንግዲህ ቦይኮት በዳዩን ለመምታት ተነስቶ የተበዳዩንም አፍ ሊዘጋ ይችላል ማለት ነው። ከዚህ የተማሩት ፍልስጤማውያን ናቸው።

ሐምሌ 9 ቀን 2004 ሄግ ያለው ያው ፍርድ ቤት፣ እስራኤል በዌስት ባንክ ውስጥ የምትሠራው ግንብ ከዓለም አቀፍ ሕግ ውጭ ነው አለ። ከ15 ዳኞች 14ቱ ተስማሙ። ግንቡ ግን አልቆመም፤ ሥራው ቀጠለ። በዚያው ዓመት ረመላህ ውስጥ ምሁራንና የጥበብ ሰዎች የትምህርትና የባህል ቦይኮት ዘመቻ መሥርተው ነበር። ብይኑ ልክ ዓመት በሞላው ዕለት፣ ሐምሌ 9 ቀን 2005፣ ከ170 የሚበልጡ የፍልስጤም ማኅበራት ጥሪያቸውን ለዓለም አሰሙ። ወረራው ይብቃ፣ ግንቡ ይፍረስ፤ በእስራኤል የሚኖሩ ፍልስጤማውያን ዜጎች እኩል ይሁኑ፤ ስደተኞች ወደ ቤታቸው የመመለስ መብታቸው ይከበር የሚሉ ጥያቄዎች ናቸው። ኢትዮጵያ በ1966 ከፍርድ ቤቱ ባዶ እጇን ተመለሰች፤ ፍልስጤማውያን ደግሞ ፍርዱን አግኝተው የሚያስፈጽምላቸው አጡ። በሁለቱም ጊዜ ጥያቄው ከዳኞች ወጥቶ ወደ ተራው ሰው መጣ። ለዘፋኞች ደብዳቤ መጻፍ የተጀመረው እንዲህ ነው።

በ2006 እንግሊዛዊው ሮጀር ዋተርስ ቴል አቪቭ ሊዘፍን ተስማማ። ደብዳቤ ሲጎርፍበት ዝግጅቱን አልሰረዘም፤ አይሁዶችና ዐረቦች በፈቃዳቸው አብረው ወደሚኖሩባት ትንሽ መንደር፣ ወደ ሽምብራ ማሳ አዛወረው። ከዚያ ግንቡን ሄዶ አየና በቀይ ቀለም ጻፈበት። በ2011 ቦይኮቱን በይፋ ደገፈ። ይህ ሰው በኋለኞቹ ዓመታት አይሁዶችን ይጠላል የሚል ክስ ቀርቦበታል፤ እሱ ክሱን አይቀበልም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። የረመላሁ ዘመቻ በመመሪያው፣ አንድን አርቲስት እስራኤላዊ ወይም አይሁዳዊ በመሆኑ ብቻ ማግለልን አይቀበልም፤ የሚያነጣጥረው ተቋማት ላይ ነው። "ቦይኮት ከውስጥ" በሚል ስም ለዘፋኞች ይጽፉ የነበሩት እስራኤላውያን ራሳቸው ናቸው። በሲራችን ቁረይሾች ሙስሊሞችን ሐበሻ ድረስ አሳደው መመለስ ሲያቅታቸው በኒ ሃሺምን በጎሣቸው ለይተው፣ ገበያና ጋብቻ ከልክለው በአቢ ጧሊብ ሸለቆ የሕፃናት የረኃብ ለቅሶ እስኪሰማ እንዳስጨነቋቸው እናውቃለን። ዘርን ለይቶ እህል መከልከልና ዘፋኝን "ይህን መድረክ ተው" ማለት አንድ አይደሉም። የፍልስጤምን ስም ይዞ አይሁዳዊ ጎረቤቱን የሚሰድብ ሰው ከኛ ጋር አይደለም።

በ2010 ኤልቪስ ኮስቴሎ ሁለት ዝግጅቶቹን ለሕሊናው ሲል ሰረዘ። ጊል ስኮት-ሄሮን ለንደን ላይ እየዘፈነ ተቃውሞ ገጠመውና እዚያው መድረክ ላይ ቴል አቪቭ እንደማይሄድ ተናገረ። በ1985ቱ የሳን ሲቲ ሥራ ላይ የተሳተፈ ሰው ነበርና ጥያቄውን ከማንም በላይ ያውቀዋል። በግንቦት መጨረሻ ወደ ጋዛ ዕርዳታ የምትጭነው ማቪ ማርማራ መርከብ ላይ ሰዎች ሲገደሉ ፒክሲስ የተባለው ቡድን ቀረ። ይኸው ቡድን በ2014 ሄዶ ተጫውቷል፤ ደብዳቤ ሁሌም አይሠራም።

እምቢ ያሉትም ብዙ ናቸው። ሊዮናርድ ኮኸን በ2009 ቴል አቪቭ አጠገብ ሊዘፍን ሲል ረመላህም ላይ ልዝፈን አለ፤ ፍልስጤማውያኑ "ለማመጣጠን ከሆነ አንፈልግም" አሉት። ሬዲዮሄድ በ2017 ዴዝመንድ ቱቱ ጭምር ቢለምኑትም ሄደ። አንድ አገር ሄዶ መጫወት መንግሥቱን መደገፍ አይደለም፣ ሙዚቃ ድንበር ይሻገራል የሚል መልስ ሰጡ። ቀላል ክርክር አይደለም፤ ቴል አቪቭ አዳራሽ የሚገባው ወጣት ግንቡን የሚቃወም ሊሆን ይችላል። ለኛ ግን የሚመዝነው ያ "ድንበር የሚሻገር" ዘፋኝ ሲሄድ፣ ከግንቡ ወዲያ ያለው የራማላ ወጣት የይለፍ ወረቀት ካላገኘ ያንኑ ኮንሰርት ሄዶ ማየት አለመቻሉ ነው።

በታኅሣሥ 2017 ኒውዚላንዳዊቷ ሎርድ የቴል አቪቭ ዝግጅቷን ሰረዘች። ግልጽ ደብዳቤ የጻፉላት ሁለት የአገሯ ልጆች ነበሩ፤ አንዷ አይሁዳዊት፣ ሌላዋ ፍልስጤማዊት። ትኬት የገዙ እስራኤላውያን ታዳጊዎች ቦይኮትን በሚከለክለው የ2011 ሕግ ከሰሷቸውና በ2018 ኢየሩሳሌም ያለ ፍርድ ቤት 45 ሺህ ሸቀል ገደማ ካሳ ክፈሉ አለ። እነሱ አንከፍልም ብለው ለጋዛ ሰዎች የአእምሮ ጤና እርዳታ ገንዘብ አሰባሰቡ። አንድ ደብዳቤ ይህን ያህል ያስፈራል ብሎ ማን ይገምት ነበር?

በጥቅምት 2023 ሐማስ በፈጸመው ጥቃት 1,200 ገደማ ሰዎች ከተገደሉና በተከተለው ጦርነት ጋዛ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ካለቀ በኋላ፣ ደብዳቤ ተቀባዮቹ ራሳቸው ጸሐፊ ሆኑ። በመስከረም 2025 ከ400 በላይ ሙዚቀኞችና አሳታሚዎች ዘፈኖቻቸው እስራኤል ውስጥ በስልክና በኮምፒውተር እንዳይደመጡ ማስደረግ ጀመሩ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ደግሞ የስፔን፣ የአየርላንድ፣ የኔዘርላንድ፣ የስሎቬንያና የአይስላንድ ጣቢያዎች እስራኤል በምትሳተፍበት የ2026 የዩሮቪዥን የዘፈን ውድድር እንደማይገኙ አስታወቁ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።