የጥጃ ሆድና የሱሉልታ ድርቆሽ

ከሱሉልታ በአዲሱ ገበያ በኩል የሚወርደው ድርቆሽ የከተማውን ላምና ጥጃ ይቀልባል። ይሁን እንጂ ድርቆሽ ብቻውን ጥጃ አያሳድግም።

የአገራችን ላም ጥጃዋ ካልቀረበላት ወተቷን ስለማትለቅ፥ ባለቤቷ ጥጃውን ለማኖር ይገደድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 የተባበሩት መንግሥታት የርዳታ ድርጅት 300 የውጭ አገር የወተት ከብቶች በሰጠ ጊዜ ግን፥ ያለ ጥጃ የሚታለቡ ላሞች መጡ፤ የጥጃውም ሆድ ለባለቤቱ ፈቃድ ተተወ።

እ.ኤ.አ. በ1956 ዋርነር፥ ፍላትና ሉስሊ የተባሉ ሊቃውንት እንዳስረዱት፥ ድርቆሽ የትልቁን ጨጓራ ስፋትና ጡንቻ ያዳብራል፤ የውስጡን ሽፋን የሚያሳድገው ግን በተለይ እህል ሲብላላ የሚወጣው አሲድ ነው።

እንግዲህ ወተቱን ሸጦ ለጥጃው ድርቆሽ ብቻ መጣል፥ ሆዱን ሞልቶ ማስራብ ነው። ከድርቆሹ ጋር ጥቂት የተፈጨ እህል ይጨመርለት እንላለን።