ዝርዝሩ ውስጥ አለ?

የኛ ትውልድ በዕድር መቀለድ ይወዳል። የእናትና የአባት ነገር ነው፣ የድንኳንና የብረት ድስት ነገር ነው እንላለን። ደሞዝ ከያዝን በኋላ እንኳ የዕድሩን መዋጮ ለቤተሰብ ትተን የኢንተርኔት ፓኬጅ እንገዛለን። ግን እስቲ እናታችሁን አንድ ነገር ጠይቋት። ዕድሯ ለምን ለምን ይከፍላል? ሳታስብ ትነግራችኋለች። ለባል ይህን ያህል፣ ለልጅ ይህን ያህል፣ ለአማት ይህን ያህል፣ ድንኳኑ የሚቆመው ለዚህን ያህል ቀን። ቀጥላችሁ የጤና መድን ያለው ጎረቤት ካላችሁ "መድኑ ምን ምን ይሸፍናል?" በሉት። "እሱን እንኳ እዛው ስንደርስ ነው የሚነግሩን" ቢላችሁ አይግረማችሁ።

ዛሬ ልናወራ የፈለግነው በነዚህ ሁለት መልሶች መሀል ስላለው ርቀት ነው። የጤና መድን ሲጨመቅ አንድ ዝርዝር ነው። ምን ይታከማል? የት? ለስንት ጊዜ? ለማን? ገንዘቡን ብዙ ሰው ያዋጣል፣ ዝርዝሩን ግን ጥቂት ሰው ይጽፈዋል፤ አንድ ቀን ደግሞ ይለውጠዋል። የመድን ታሪክ ሲነበብ ግማሹ ዝርዝሩን ማን ይጻፈው፣ ሲለወጥስ ማን ይስማ የሚል ጭቅጭቅ ነው።

ጭቅጭቁን ከጀርመን እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1883 በኦቶ ፎን ቢስማርክ ዘመን ሠራተኞች የሕመም መድን እንዲኖራቸው የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። ቢስማርክ ለድሃ አንጀቱ ራርቶ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። ሶሻሊስቶቹ ሠራተኛውን እንዳይወስዱበት ሰግቶ ነው። ሕጉ ከባዶ አልተነሳም። ማዕድን ቆፋሪዎችና የእጅ ባለሙያዎች ከዚያ በፊትም የኛን ዕድር የሚመስል የመረዳጃ ሣጥን ነበራቸው፤ ሕጉ ያንን ልማድ አስፋፋው። ከመዋጮው ሁለት ሦስተኛውን ሠራተኛው፣ አንድ ሦስተኛውን አሠሪው ይከፍላል። በየአካባቢው ሣጥን አስተዳደርም ውስጥ የሠራተኛው ድምፅ ሁለት ሦስተኛ ነበር። ዝርዝሩ አጭር ነው፤ ሐኪም፣ መድኃኒት፣ መሥራት ላቃተው ደግሞ የደሞዝ ግማሽ ያህል፣ ቢበዛ ለ13 ሳምንት። በ14ኛው ሳምንት ያልዳነስ? ዝርዝሩ ስለሱ ዝም ይላል። 13ቱ ሳምንት 26 እስኪሆን 20 ዓመት ፈጀ፤ የሆነው በ1903 ነው።

በዚህ መሀል የተረሳ ሰው ነበር፤ ሐኪሙ። ሣጥኖቹ ከሐኪሞች ጋር በየግሉ ተዋውለው በሽተኛውን ወደመረጡት ሐኪም ይልኩታል። ሐኪሞቹ አኮረፉ። በ1900 ሄርማን ሃርትማን የተባለ የላይፕሲግ ሐኪም ማኅበር አቋቋመ፣ ማኅበሩም አድማን መሣሪያው አደረገ። በ1913 ማብቂያ ላይ አገር አቀፍ አድማ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት በርሊን ላይ ስምምነት ተፈረመ። ለ1,350 መድን ገቢ ቢያንስ አንድ ሐኪም እንዲኖር፣ ሐኪሞችና ሣጥኖችም እኩል የሚቀመጡባቸው ኮሚቴዎች እንዲቋቋሙ ተወሰነ። 30 ዓመት ቢፈጅም ሐኪሙ ወንበር አገኘ። በሽተኛው ግን አድማ መምታት አይችልም፤ ምን ብሎ ያድማል? "አልታመምም" ብሎ?

እንግሊዞች ደግሞ የጀርመኑን አይተው በ1911 የራሳቸውን ሕግ አወጡ። ወንዱ ሠራተኛ በሳምንት 4 ፔንስ፣ አሠሪው 3፣ መንግሥት 2 ያዋጣሉ። የገንዘብ ሚኒስትሩ ሎይድ ጆርጅ "በ4 ፔንስ 9 ፔንስ ታገኛላችሁ" በሚል ሒሳብ ሕጉን ለሕዝብ ሸጠው። ዝርዝሩን ከፍ ዝቅ አድርጋችሁ ብታነቡት ግን፣ ለወሊድ ከሚሰጥ ገንዘብ በቀር፣ ራሷ ተቀጥራ የማትሠራ ሚስት የለችበትም። ልጆችም የሉም። ባል ሲያመው ሐኪም አለው፤ ሚስት ሲያማት ከአስቤዛው ላይ ተቀንሶ ነው። ይህ ነገር ከ30 ዓመት በላይ ቆየ።

ያበቃው እ.ኤ.አ. ጁላይ 5 ቀን 1948 ብሔራዊ የጤና አገልግሎቱ ሲጀመር ነው። ከመጀመሩ በፊት መንግሥት አንድ ነገር አደረገ፤ ሕዝቡ ምን ምን እንደሚያገኝ የሚያስረዳ በራሪ ወረቀት አሳትሞ በየቤቱ አደለ። ዝርዝሩ ራሱ በር አንኳኩቶ ገባ በሉት። ሕዝቡም ለመነጽርና ለሰው ሠራሽ ጥርስ ጎረፈ። በ1951 መንግሥት ገንዘብ አጠረኝ ብሎ በእነዚሁ በመነጽርና በጥርስ ላይ ክፍያ ሊጥል ሲነሳ፣ አገልግሎቱን የመሠረተው አኒዩሪን ቤቫን ከሚኒስትርነቱ ለቀቀ። በጥርስ ምክንያት ሥልጣን የሚለቅ ሰው ለኛ ተረት ሊመስል ይችላል። ግን በቀጣዩ ዓመት፣ በ1952፣ በመድኃኒት ማዘዣም ላይ ክፍያ መጣ። ከዝርዝሩ አንድ ነገር ሲነካ ሕዝቡ ያወቀው፣ የተሟገተውም፣ መጀመሪያ ዝርዝሩ በእጁ ስለነበረ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። እዚህ መረዳዳት አዲስ ነገር አይደለም። መኪና በማይደርስበት ገጠር በሽተኛን በቃሬዛ ተሸክሞ ሐኪም ዘንድ የሚያደርስ የቃሬዛ ማኅበር ያለበት አገር ነው። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። ዕቅዱ ሁለት እግር ነበረው። ደሞዝተኛው 3 በመቶ ከደሞዙ፣ አሠሪው 3 በመቶ ጨምሮ በማኅበራዊ ጤና መድን ይታቀፋል፤ ገበሬውና በግሉ ሠርቶ የሚያድረው ደግሞ በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን። ሁለተኛው እግር በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች 13 ወረዳዎች ውስጥ መራመድ ጀመረ፣ ከዓመታት በኋላም አዲስ አበባ ደረሰ። የመጀመሪያው እግር ዛሬ ነገ እየተባለ ለዓመታት ሳይነሳ ቆየ።

የሙከራው ዝርዝር ክፉ አልነበረም። በመንግሥት ጤና ተቋም ተመላላሽም ሆነ ተኝቶ መታከም ይሸፈናል። የውጭ አገር ሕክምና፣ ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምናና ሰው ሠራሽ ጥርስ አይሸፈኑም (ቤቫን ይህን ቢሰማ!)። ያኔ ከመዋጮው ሩብ ያህሉን የፌደራል መንግሥት ይደጉም ነበር፤ ጨርሶ መክፈል ለማይችለው ድሃ ክልሉና ወረዳው ይከፍሉለታል። አንድ ደንብ ግን ልብ በሉ። በሽተኛው ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር ማለፍ አለበት። ሪፈር ሳይዝ በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ ሰው የወጪውን ግማሽ ከኪሱ ይከፍላል። ይህን ደንብ ቀድሞ የሰማና ካርድ ክፍል መስኮት ላይ የሰማ ሰው አንድ ዓይነት መድን ገቢ ናቸው ትላላችሁ? መዋጯቸው እኩል ነው፤ የሚያገኙት ግን እኩል አይደለም።

ሐኪሙም ከዚህ አያመልጥም። መድኃኒት ያዝዛል፤ በሽተኛው መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ "የለም" ይባላል፤ ተመልሶ የሚመጣው ወደ ሐኪሙ ነው። "ዶክተር፣ መድኑ ይሸፍናል ብለውኝ አልነበር?" ሐኪሙ ምን ይበል? መጋዘኑን እሱ አይሞላው፣ ዝርዝሩን እሱ አልጻፈው። ይባስ ብሎ ያ የመንግሥት ሐኪም ራሱ ደሞዝተኛ ነው፤ የእሱ ተስፋ ሳይነሳ በቆየው እግር ላይ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ከደሞዝ ጥያቄ ጋር የራሳቸውን የሕክምና ዋስትና ጥያቄ ያነሱት ያለ ምክንያት አይደለም። የመድን ገቢውን ወረቀት የሚሞላው እጅ የራሱ መድን አልነበረውም።

ወደ እናታችን ዕድር እንመለስ። ዕድር መዋጮ ሲጨምር፣ ወይም "ለአክስት አንከፍልም" ሲል፣ እሁድ ጠዋት ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራል። ጸሐፊው ደንቡን ያነባል፣ አባል ይጮሃል፣ ይከራከራል፣ እጅ ይወጣል። ያልመጣ ይቀጣል። ማንም ሰው ሬሳ ይዞ ድንኳን ሊጠይቅ ሲሄድ አዲስ ደንብ አይነገረውም። እኛ ከጤና መድን የምንፈልገው ከዚህ አይበልጥም። ዝርዝሩ ቀን ተጽፎበት ጤና ጣቢያው በር ላይ ይለጠፍ። ሲለወጥ ሐኪሙ ከበሽተኛው ቀድሞ ይወቅ። ለውጡ መዋጮ በሚሰበሰብበት ቀን፣ ገንዘቡ ከእጃችን ሳይወጣ፣ ጮክ ብሎ ይነበብልን።

እስከዚያው እናንተ ደግሞ አንድ ሥራ አለባችሁ። እናታችሁ ወይም አባታችሁ የመድን መታወቂያ ካላቸው መታደሻ ቀኑ ሳያልፍ ውሰዱና ጽሕፈት ቤቱ ሂዱ። ምን ይሸፈናል፣ ምን አይሸፈንም፣ መድኃኒት ሲጠፋ ምን ይደረጋል ብላችሁ ጠይቁ፤ የተነገራችሁንም ጽፋችሁ ቤት ግድግዳ ላይ ለጥፉት። የፓኬጃችን ስንት ጊጋ እንደቀረ በየሰዓቱ የምናይ ልጆች ይህ አያቅተንም።