አሮጌ ማሰራጫ ለቆራሌው ወይስ ለተማሪው?

ባሌ ራዲዮ ምን ማድረግ እንደሚችል ቀድሞ ያወቀ አገር ነው። በ1950ዎቹ፣ ዋቆ ጉቱ በመሩት አመፅ ዘመን፣ ከሞቃዲሾ በኦሮምኛ የሚተላለፈው ፕሮግራም ድንበር ሳያግደው ባሌ ድረስ ይደመጥ ነበር። መንገድ በሌለበት ተራራ ሞገድ መንገድ አያስፈልገውም።

አዲስ አበባም ይህን ጉልበት አሳምራ ታውቀዋለች። አንሳልዶ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ የሠራው የአቃቂ ጣቢያ ጥር 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ተመረቀ። አምስት ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ የጣሊያን ጦር ለወረራ ተሰልፎ ሳለ፣ ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1928 ዓ.ም. በዚሁ ጣቢያ በኩል ለውጭው ዓለም ተናገሩ። ጣሊያን የሠራው ማሽን ጣሊያንን ለመክሰስ ዋለ።

ከዚያ ብሥራተ ወንጌል መጣ። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመው ጣቢያ የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ ጌጃ ላይ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎዋት የሆኑ ሁለት የአጭር ሞገድ ማሰራጫዎች ነበሩት። መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ደርግ ወረሰውና «የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ» ሆነ። ትናንት ወንጌል ያስተላለፈው ማሽን ዛሬ አብዮት አስተላለፈ። ባለቤቱ ተለወጠ እንጂ ቫልቩ ያው ነው።

እንዲህ ያለ ማሽን ሲያረጅ ምን ይደረግ? ቀላሉ መልስ ጨረታ ነው። መዳቡ ይመዘናል፣ ብረቱ ይቆረጣል፣ ታሪኩ ከነአቧራው ይሄዳል።

ሌላ መልስ ያገኙ አሉ። አሜሪካ ውስጥ የአማተር ራዲዮ ሰዎች በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩ 1 ኪሎዋት የመካከለኛ ሞገድ ማሰራጫዎችን ከተዘጉ ጣቢያዎች እየወሰዱ ነፍስ ይዘሩባቸዋል። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። ለዓመታት የተኛ ማሽን በአንድ ጊዜ አይለኮስም። መጀመሪያ አቧራው ይወጣል፣ ሽቦው ይፈተሻል፣ ያረጁ ካፓሲተሮች ይቀየራሉ፣ ከዚያ ኤሌክትሪኩ ቀስ በቀስ ይሰጠዋል። የመካከለኛ ሞገድ ሥርጭት 1.6 ሜጋኸርዝ ገደማ ላይ ስለሚያበቃ፣ ወደ አማተሮቹ 1.8 ሜጋኸርዝ ለመውጣት ክሪስታሉ ይለወጣል፣ የጥቅልሉ ዙርም ይቀነሳል። ኃይሉም በሕጉ ልክ ይወርዳል። አደጋም አለው። በውስጡ ከ2 ሺህ በላይ ቮልት ይዞራል፣ ካፓሲተሩ ማሽኑ ከጠፋ በኋላም ሊገድል ይችላል፣ የአሮጌ ትራንስፎርመር ዘይትም መርዛማ ሊሆን ይችላል።

የጌጃን ዓይነት 100 ኪሎዋት ለአማተር መስጠት አይቻልም፤ በአሜሪካ ሕግ እንኳ የአማተር ጣሪያ 1,500 ዋት ነው። ለግዙፎቹ ግን የስዊድን ምሳሌ አለ። ግሪሜቶን የሚገኘው የ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጣቢያ በ2004 እ.ኤ.አ. የዩኔስኮ ዓለም ቅርስ ሆኗል። ዛሬም በተለዩ ቀናት ይነሣል፤ የዓለም አማተሮች መልእክቱን አድምጠው መስማታቸውን ይጽፉለታል።

ኢትዮጵያ ውስጥ አማተር ራዲዮ እንግዳ አይደለም። የአማተር ራዲዮ ማኅበሩ ጣቢያ፣ በመጥሪያ ስሙ ኢቲ3ኤኤ፣ አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ ነው። የሚያስገርመው፣ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ7,100 እስከ 7,200 ኪሎኸርዝ ያለው ሞገድ በዓለም አቀፍ ስምምነት ለአማተሮች ሲለቀቅ፣ የኢትዮጵያ ሬዲዮ 7,110 ላይ መቆየቱ ነው። ስለዚህ ብዙ የውጭ አማተሮች ኢትዮጵያን የሚያውቋት በረባሽነት ነበር።

ጉዳዩ የትዝታ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲቋረጥ፣ መገናኛ ሁሉ በአንድ ቁልፍ ላይ ሲንጠለጠል ምን እንደሚሆን ሁሉም አይቷል። አማተር ራዲዮ ኢንተርኔትን አይተካም፤ ያለ ፈቃድም አይሠራም። ግን ጎርፍ ወይም የመሬት መንቀጥቀጥ ምሰሶውን ሲጥል መልእክት ማድረስ የሚችል፣ ማሽኑን በእጁ ፈትቶ መግጠም የሚያውቅ ሰው ያፈራል።

ስለዚህ ከጨረታው በፊት ቆጠራ ይቅደም። የትኛው ማሰራጫ የት እንዳለ ይመዝገብ፤ ትልቁ ለሙዚየም ይቆይ፣ ትንሹ ፈቃድና ተቆጣጣሪ መምህር ላለው ተማሪ ይሰጥ። ሮቤ ላይ መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ አለ። ከሞቃዲሾ ያዳምጥ የነበረው ደጋ፣ ከልጆቹ እጅ የሚወጣ ሞገድ ቢኖረው ምን ይጎዳል? ቆራሌው የሚከፍለው በኪሎ ነው፤ እውቀት ደግሞ በኪሎ ተሸጦ አይመለስም።